ለጥንቸል የታዘዘ ቅጠል

የእንስሳት ሐኪሟ የጥንቸሉን ጆሮ በጣቶቿ ዘርግታ አልኮል በነካው ጥጥ ስታሻሸው ጥንቸሉ እንደ ወትሮው አልታገላትም። ያስደነገጣት ይኸው ነበር። ሌላ ጊዜ ጆሮው በተነካ ቁጥር በኋላ እግሮቹ ካልተራገጠ፣ ጓንቷን ካልቧጨረ አይሆንለትም። ከሁሉም የሚገዝፈውና ማደሪያው ውስጥ ካለችው ጣውላ ላይ ወጥቶ ሌሎቹን ቁልቁል የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ የጣቢያው ሠራተኞች «ሊቀመንበሩ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ዛሬ ግን በፎጣ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ እንደ እርጥብ ልብስ ተዝለፍልፏል።

«ምነው ጌታው፣ ሥልጣን በቃኝ አልክ እንዴ?» አለችው። ቀልዱ ራሷንም አላሳቃትም።

የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ ነጥቷል። ከጆሮው ጠርዝ ደሙን ወስዳ፣ ጥጡን ተጭና ጥቂት ያዘችበትና ወደ ማደሪያው መለሰችው። ሊቀመንበሩ ወደ ጣውላዋ አልወጣም። ወለሉ ላይ እንዳስቀመጠችው ቀረ።

የእንስሳት ምርምር ጣቢያው ውስጥ ይህ ሙከራ ከተጀመረ ወራት አልፈዋል። ጥንቸሎቹ በአራት ክፍል ተመድበዋል። የመጀመሪያዎቹ ተራ መኖ ብቻ ይበላሉ። ለቀሩት ደርቆ የተፈጨ የሽፈራው ቅጠል ከመኖው ጋር ይደባለቅላቸዋል፤ ለሁለተኛው ክፍል ትንሽ፣ ለሦስተኛው መካከለኛ፣ ለአራተኛው ብዙ። የፋብሪካ መኖ መግዛት የማይችል አርቢ፣ አጥሩ ሥር በበቀለ ዛፍ የጥንቸሎቹን ደምና ጤና መጠበቅ ይችላል ወይ? ሐኪሟ መልሱን የምትፈልግለት ጥያቄ ይህ ነው። በሙከራው አጋማሽ ላይ ደማቸው ሲለካ ቅጠል የበሉት ሁሉ በልጠው ተገኝተው ነበር። ያን ዕለት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እቤቷ ድረስ ይዛው ሄዳለች።

አሁን ደሙን የሞላችባቸውን ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ማሽከርከሪያው ውስጥ ደርድራ ክዳኑን ገጠመች። ማሽኑ አፏጭቶ አፏጭቶ ሲቆም፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናች። ቀዩ ደም ከታች ይረጋል፤ ቢጫው ውሃ ከላይ ይቀራል። የሦስተኛው ክፍል ቀይ ከፍ ብሎ ቆሟል። የአራተኛው ግን ቅጠል ቀምሰው ከማያውቁት ጥንቸሎችም እንኳ አንሷል። የሊቀመንበሩ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው።

የምርምር ክፍሉ ኃላፊ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስለሆነ ወግ አያበዙም።

«የምሥራች ነው መርዶ?» አላት።

«ሁለቱም። ሦስተኛውን እይ። አሁን ደግሞ ይሄን።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ቱቦዎቹን ጎን ለጎን ያዛቸው። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ቱቦው በደንብ ሳይሞላ ቀርቶ እንዳይሆን?»

«ደግሜዋለሁ። ደግሞ ቱቦው ቢዋሽ ዓይናቸው አይዋሽም። ሄደህ እያቸው።»

«እኔ እኮ ለአርቢዎቹ ስብሰባ ‹ቅጠሉን ሳትሰስቱ ስጡ› ብለን እንድንናገር አስቤ ነበር» አለ፤ ቱቦዎቹን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አስቀመጣቸው። «እንኳን አፌን ቀድሜ አልከፈትኩ።»

«አራተኛው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ቅጠሉ ይቁምለት።»

«ሙከራው እኮ ይቋረጣል።»

«ያየነውን አይተናል። ምን እስኪሆኑ ነው የምንጠብቀው?»

ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ጥንቸሎቹ ቤት ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ይቁም። ምክንያቱን እኔ እጽፋለሁ» አለ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ሳለ ስልኳ ጠራ። ደዋይዋ ከእሷና ከአባቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ስትናገር ትንፋሽ ያጥራት ጀምሯል።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ሥራ ላይ መሆንሽን አውቃለሁ። ጋሼን ማስቸገር አፍሬ ነው። ያ የሰጡኝ ዱቄት አለቀብኝ፤ ካለሽ ጨመር ታደርጊልኛለሽ?»

«የምን ዱቄት?»

«የቅጠሉ ነዋ! የጥንቸሎቹን ደም የጨመረው። እኔማ ተመስገን ነው፤ የሐኪም ቤቱን የደም ኪኒን ከተውኩት ወዲህ ማቅለሽለሹ ለቆኛል።»

ሐኪሟ ጠረጴዛውን ያዘች። «ኪኒኑን ተዪው ያለሽ ማነው?»

«ጋሼ ናቸዋ። ‹ልጄ አጥንታ ደርሳበታለች› ብለው። እሳቸውስ ቢሆኑ መርፌውን እርግፍ አድርገው ትተው አይደል እንዲህ የጠነከሩት? ለዘበኛው እናትም ሰጥተዋቸዋል፤ ግቢው ሁሉ እየመረቀሽ ነው።»

«ስሚኝ፣ ኪኒንሽን ዛሬውኑ ጀምሪ። ዱቄቱን ተዪው። የቀረውን ስመጣ እነግርሻለሁ።»

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። እሺታዋ ግን እሺ አይመስልም ነበር።

ሐኪሟ ነጭ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ያለፉትን ሳምንታት ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር። አባቷ ከቤቱ ጀርባ በምትገኘው የእንጨት ሥራ ክፍላቸው ቅጠል ሲያደርቁ አይታ «ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ለዶሮዎቹ ነው» ብለዋት አልፋለች። መርፌህን ተወጋህ ወይ ስትላቸው፣ «ከመቼ ወዲህ ቀርቼ አውቃለሁ?» ይሏታል። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ደማቸው በራሱ መተካት ስላቃተው፣ መርፌው ነው ደግፎ ያቆማቸው። የስንቱን ጥንቸል የዓይን ቆብ ስትገልጥ ውላ ማታ ከአባቷ ጋር እራት ስትቀመጥ፣ የእሳቸውን ዓይን ልብ ብላ አላየችም።

ደርሳ ስትገባ አባቷ፣ ሽማግሌው አናጢ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሕፃን አልጋ እግር በመላጊያ ይልጉ ነበር። ክፍሏ ማጣበቂያና ሰጋቱራ ትሸታለች። እርሳቸው ተቀምጠው የሚሠሩ ሰው አልነበሩም፤ «የተቀመጠ አናጢ ወንበሩን እንጂ እንጨቱን አይጨርስም» የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

«ዛሬስ በጊዜ ለቀቁሽ» አሉ፣ የእግሯን ድምፅ ለይተው።

«አባባ፣ መርፌህን የተወጋኸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ነዋ።»

«የቱ ባለፈው?»

«እንግዲህ ምርመራ ጀመርሽ። መጀመሪያ አረፍ በዪ እስቲ።»

አላረፈችም። ግድግዳው ጥግ ካለው መደርደሪያ ላይ ክዳን ያለው ጣሳ አንስታ ከፈተችው። አረንጓዴው ዱቄት እስከ ወገቡ ሞልቶታል።

«ይሄ ለዶሮዎቹ ነው ያልከኝ?»

«ዶሮዎቹም ይበሉታል» አሉ፤ ከዚያ የእሷ ፊት እንዳልተፈታ ሲያዩ መላጊያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። «ማነች፣ ልብስ ሰፊዋ ናት የነገረችሽ? ሴትዮዋ አፏ ከስፌት መኪናዋ ይፈጥናል።»

«ኪኒኗን አስጥለሃታል፣ አባባ። እርጉዝ ሴት! አንተም መርፌህን ጥለሃል። ምን ነክቶህ ነው?»

ስትመጣ መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀችበት ቁጣ ነበር። አባቷ ግን አልተቆጡም፤ አላፈሩምም። በጣታቸው የአልጋውን እግር እየዳሰሱ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ስሚ እናቴ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስጠርብ የኖርኩት አንቺ ፊደል እንድትቆጥሪ ነው። ያን ዕለት እራት ላይ ‹አባባ፣ ቅጠሉን የበሉት ጥንቸሎች ደማቸው ጨመረ› ስትዪኝ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አንቺ አላየሽውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። የማላውቀው ሰው የሠራውን መድኃኒት ስውጥ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ያገኘችውን ልናቀው? ታዲያ ለምን አስተማርኩሽ?»

ቢዋሿት፣ ቢቆጧት፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ቢሏት መልስ ነበራት። ይህን ያህል አምነዋት ለሞት መቃረባቸውን ግን በምን ቃል ትነግራቸው? መቀመጫ ሳትፈልግ እግራቸው ሥር ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ እኔ መድኃኒት አላገኘሁም» አለች። «ያገኘሁት፣ ጥንቸል ምን ያህል ቅጠል ቢበላ ደሙ ምን እንደሚሆን ነው። እሱንም ቢሆን ግማሹን ገና ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።»

«ጨመረ ብለሽ የለም?»

«በመጠን ለበላው ጨምሯል። የበዛለት ግን ወርዷል። ከማይበላውም በታች ወርዷል።»

አናጢው ሰጋቱራውን ከጉልበታቸው አራገፉ። ጥንቸሎቹን በዓይናቸው አይተዋቸው ባያውቁም ከእሷ ወሬ የተነሳ እንደ ጎረቤት ያውቋቸዋል።

«ሊቀመንበሩስ እንዴት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጆሮውን ጥሏል። ከሁሉም ብዙ ቅጠል የበላው እሱ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ደም ያለውም እሱ ነው።» ቀና ብላ ጠየቀቻቸው። «አንተስ ምን ያህል ነው የምትጠጣው?»

«ጠዋት አንድ ኩባያ።»

«ጠዋት ብቻ?»

«ማታም አለ» አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ ጨመሩ፤ «ድካም ድካም ሲለኝ ደግሞ ቀን ላይ ደገም አደርጋለሁ።»

«ወደ ብርሃኑ ዙርልኝ።»

ዞሩላት። አገጫቸውን ደግፋ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠች።

«እንደ ጥንቸልሽ አደረግሽኝ እኮ» አሉ፤ ሊስቁም ሞከሩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከጣቷ በታች ያየችው ነጣ ያለ ሥጋ ጠዋት ካየችው አይለይም ነበር።

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

አባቷ መላጊያውን አጥብቀው ያዙት። «እዚያ በር እናትሽ ገብታ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ። እኔም እኮ ነበርኩ።»

«አንቺማ ውስጥ ነበርሽ። እኔን ግን ከደጅ አላሳለፉኝም። አጥሩን ተደግፌ እንደቆምኩ ነው የነገሩኝ፤ ያውም የማላውቀው ሰው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ አንድ ነገር የሚነግረኝ ይመስለኛል።»

ይህን ነግረዋት አያውቁም። ለመርፌው ብቻቸውን ሲመላለሱ የኖሩት እንዲህ እያሰቡ እንደነበር ሐኪሟ አልጠረጠረችም፤ «ራሴን ችዬ እሄዳለሁ» ሲሏት ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር።

«ዛሬ አብረን ነው የምንገባው» አለች። «እስክትወጣም ከጎንህ አልነሳም።»

አናጢው ለመቆም የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ግማሽ እንደተነሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መላጊያው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። በብብታቸው ገብታ ደገፈቻቸው። ዱሮ ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋት ግቢውን ይዞሩ የነበሩት ሰው፣ አሁን ክብደታቸው ከአንድ እቅፍ ልብስ አይበልጥም።

«እሺ፣ እሺ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ኮቴን አቀብዪኝ። በሥራ ልብስ አልሄድም።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛዋ ሐኪም የደማቸውን ውጤት አየች፣ ቀና ብላ አናጢውን አየች፣ ተመልሳ ውጤቱን አየች።

«አባት፣ በእግርዎ ነው የመጡት?»

«በልጄ እግር» አሉ።

አልጋ ተሰጣቸው። ደም የያዘችው ከረጢት ከራስጌያቸው ተንጠልጥላ፣ ጠብታው በቀጭኑ ቱቦ እየወረደ ወደ ክንዳቸው ሲገባ ሁለቱም ተመለከቱት። የልጃቸው ሥራ ደም መቅዳት ነው፤ ደም ሲመለስ እንዲህ ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም።

«የማን ነው?» አሉ አባቷ።

«ስሙ አይጻፍም። የሰጠ ሰው ነው።»

«እልኬን ቢያውቅ ኖሮ አይሰጠኝም ነበር» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተጨፈነው ዓይን ጥግ እንባ ወርዶ ትራሱ ላይ ሲጠፋ አየች። እንዳላየች ሆና ብርድ ልብሱን አስተካከለችላቸው።

አባቷ ተኝተው በሚታከሙበት ሰሞን ሐኪሟ አንድ ቀን ልብስ ለመቀየር ወደ ቤት ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ ቤት ጎራ አለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠቻት።

«ለጥንቸል የጠቀመ ሰውን እንዴት ይጎዳል?» አለች በመጨረሻ።

«ይጎዳል አላልኩሽም፤ አላውቅም ነው የምልሽ። ምን ያህሉ እንደሚጠቅም፣ ምን ያህሉ እንደሚጎዳ፣ ለነፍሰ ጡር ምን እንደሚሆን አላውቅም። ኪኒኑ ግን ይታወቃል።»

«‹አላውቅም› የሚል ዶክተር ካንቺ ሌላ አላየሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አትቀየሚኝና፣ ጋሼ ሲሰጡኝ እንዲህ እየተጠራጠሩ አልነበረም። እሳቸው ከእጃቸው ነው የሰጡኝ። ሲመጡ እሳቸውን እጠይቃለሁ። የዘበኛው እናትም እንደዚያው ነው የሚሉት።» ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሰው ደግሞ ‹ልትሸጠው አስባ ነው የከለከለችን› ይላል። እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው» ብላ አከለችበት።

ሐኪሟ ቅስሟ ተሰብሮ ወጣች። ወሬ ክንፍ አውጥቶ ከበረረ በኋላ ‹አላውቅም› በሚል ቃል አይያዝም።

አናጢው ከሆስፒታል ሲወጡ ፊታቸው ወዝ መልሶ ነበር፤ እርምጃቸው ግን ገና የሰው ክንድ ይሻል። ወደ ግቢው ሲገቡ የስፌት መኪናው ድምፅ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ይሰማል። መንገድ ላይ ልጃቸው ሁሉንም ነግራቸዋለች። እንዳይከፋቸው ብላ ‹ልትሸጠው ነው› የተባለውን ብቻ አስቀርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ግቢውን ስለሚያውቁት ሳትነግራቸው ገባቸው።

«ገብተህ ጋደም በል» አለቻቸው በራቸው ደጃፍ ሲደርሱ። «እኔ ልሂድና እንደገና ላነጋግራት። ‹አባባም እንዲህ ብሏል› እላታለሁ።»

አናጢው ከበሩ ቆመው አሰቡ። አልጋቸው ከቆሙበት ይታያቸዋል፤ የተነጠፈ ነው። የልጃቸውን ክንድ ለቀቁና ምርኩዛቸውን አስተካክለው ያዙ።

«አይሆንም» አሉ። «የሠራሁት ወንበር ተሰብሮ ሰው ቢወድቅበት፣ ልጄን ልኬ ይቅርታ አላስጠይቅም። በአፌ የሰጠሁትን በአፌ ነው የምመልሰው።»

«የሆስፒታሏ ሐኪም እረፍት አድርግ ብላሃለች።»

«አርፋለሁ። ከተናገርኩ በኋላ።»

ሐኪሟ ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ስትራመድ በእጃቸው መለሷት። «ቁሚ። ካንቺ ጋር ከሄድኩ ‹ልጁ አስገድዳው ነው› ይላሉ።»

ግቢው ሰፊ አልነበረም፤ ለእሳቸው ግን በዚያን ሰዓት ረጅም ነበር። መካከል ላይ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። በምርኩዛቸው ጫፍ የልብስ ሰፊዋን በር መቱ። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ጋሼ! እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት!» አለች ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ፤ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋለች። «ይግቡ፣ ይግቡ። እኔ እኮ ልጠይቅዎ ነበር…»

«አልገባም፣ ልጄ። ቆሜ ነው የምነግርሽ። ያ የሰጠሁሽ ዱቄት የተረፈሽ ካለ መልሺልኝ።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ስለማላውቀው ነገር እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ። ልጄ ስለ ጥንቸል የነገረችኝን እኔ ለሰው አደረግሁት። እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። እኔንም ሊወስደኝ ነበር።» ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። «ኪኒንሽን ጀምረሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሆዷ ላይ ያለው እጇ ጠበቅ አለ።

«ጋሼ፣ ልጁ… ልጁ ምን ሆኖ ይሆን?»

አናጢው አፋቸውን ከፈቱ። ሐኪሟ ከወዲያ ማዶ፣ «ምንም አይሆን፣ አይዞሽ» ሊሉ እንደሆነ ከፊታቸው ላይ አነበበች፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያጽናኑ የኖሩት በዚሁ ቃል ነው። አናጢው ግን አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

«አላውቅም» አሉ። «ነገ ሁለታችንም አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አንቺ ስትገቢ እኔ ከውጭ እጠብቅሻለሁ፤ እስክትወጪ ከዚያ አልነቃነቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ውስጥ ገብታ፣ አልቆ ከሥሩ ርጋፊ አረንጓዴ ዱቄት ብቻ የቀረበት ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። አናጢው ተቀበሏትና ብርጭቆዋን ከኮታቸው ኪስ ከተቱ። ከዚያ ወደ ቤታቸው አልዞሩም። ምርኩዛቸውን ወደ ግቢው ጥግ፣ የዘበኛው እናት ወደሚኖሩበት በር አዞሩ።